ፈጣኑን ባቡር ያቆምሁበት ቀን

የቢቸና ሰው ሐዲድ የት አይቶ የባቡር ሠራተኛ ሆነ? ይህን የጠየቀኝ ሰው ብዙ ነው። እውነትም በእኛ አገር ከበቅሎና ከአውቶቡስ ሌላ የሚያመላልስ ነገር አይታወቅም። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ጉባኤ ዘርግተው ቅኔ ያስተምሩ ነበር። እኔም እስከ አሥራ ሰባት ዓመቴ ከተማሪዎቻቸው ጋር ስቀኝ አደግሁ። ከዚያ ልቤ ወደ አስኳላው አዘነበለና አዲስ አበባ አጎቴ ዘንድ ገባሁ። ትምህርቴን ስጨርስ ባቡር ላይ ሥራ ተገኘልኝ። አባየ ይህን ሲሰሙ ቃል አልተናገሩም። የእርሳቸው ዝምታ ከተግሣጽ ይብስ ነበር።

የምነግራችሁ ነገር የደረሰብኝ ደርግ ከገባ በሰባተኛው ይሁን በስምንተኛው ዓመት ነው። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ከአዋሽ ወዲያ ባለች አንዲት የቆላ ጣቢያ ሹም ነበርሁ። ሹም ሲባል ትልቅ እንዳይመስላችሁ። አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ እጀታው እየዞረ የሚሠራ አንድ ስልክ፣ ሐዲድ የሚያዛውሩ ጋሽ ዋቆ የሚባሉ አንድ ሽማግሌና እኔ፣ ይኸው ነው። ጠባዬንም ልንገራችሁ፤ እሺ ባይ ነበርሁ። አለቃ ሲያዝዘኝ እሺ፣ ካድሬ ሲያዝዘኝ እሺ። በዚያ ዘመን እሺ ማለት ዕድሜ ያረዝማል ብለው የመከሩኝ ብዙ ነበሩ፤ እኔም አምኜ ተቀብዬ ነበር።

ሐዲዱ አንድ ነው። ከወዲህ የሚሄድና ከወዲያ የሚመጣ አብረው ሊያልፉበት አይችሉም። ስለዚህ በየጣቢያው ከዋናው ሐዲድ አጠገብ አጭር የጎን ሐዲድ አለ፤ አንዱ እዚያ ገብቶ ይቆማል፣ ሌላው ያልፋል። ቀደም ሲል ፈጣኑ የመንገደኛ ባቡር በሚሄድበት ቀን ጭነት የሚያመላልሱት ሁሉ ባሉበት ይውሉ ነበር። በኋላ እህሉና ነዳጁ ወደቡ ላይ ሲከማች ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሐዲድ ይሂዱ የሚል ትእዛዝ መጣ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ግን ፈጣኑ በሁለት ሰዓት የሚጨርሰው መንገድ ለጭነቱ ግማሽ ቀን ነው። አንደኛው ይሮጣል፣ ሁለተኛው ይንፏቀቃል፤ መካከላቸው ላይ የቆመው ሰው እንቅልፍ የለውም። ፈጣኑ ሲመጣ ጭነቱ ወደ ጎን ይገለል የሚል ጥብቅ መመሪያም አብሮ ወጥቶ ነበር፤ በፈጣኑ ውስጥ ባለሥልጣናት ይሳፈሩበታልና።

ከእኔ ጣቢያ ቀጥሎ ያለው ከፍታ ላይ ስለሆነ የላይኛው ጣቢያ እንለዋለን። ባቡር ወደዚያ ለመልቀቅ የላይኛው ጣቢያ ሹም በስልክ ስሙን ተናግሮ፣ «መስመሩ ነጻ ነው» ማለት አለበት። እኔ ያለኝን ደግሜለት በመዝገብ ጽፌ፣ ለባቡር ነጂው የጉዞ ወረቀት እፈርምለታለሁ። ያለዚያ ወረቀት ማንም አይንቀሳቀስም።

ከጥምቀት በኋላ፣ የሠርግ ሰሞን ነበር። ፈጣኑ ባቡር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ በኩል መጥቶ ጣቢያዬ ቆመ። ነጂው አያ እንድሪስ ነበሩ። የሞጣ ሰው ናቸው፤ ቤተሰቦቻቸው እዚያ ከጥንት ጀምሮ በጨርቅና በጨው ንግድ የኖሩ ሙስሊሞች ናቸው። እርሳቸው በልጅነታቸው ከነጋዴ ጋር ድሬዳዋ ወርደው ሃያ ዓመት ባቡር ነድተዋል። መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን፣ «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ጠየቁኝ። የአባቴን ስም ስነግራቸው፣ «እንግዲያስ ጎረቤታሞች ነን» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በረሃው ውስጥ ወንድም እንዳለኝ ቆጠርሁት።

ከጭነቱ ጋር የሚገናኙት የላይኛው ጣቢያ ላይ ነበር። ጭነቱ ከወደቡ በኩል መጥቶ እዚያ በጎን ሐዲድ ይቆማል፣ ፈጣኑ ከእኔ ተነሥቶ ያልፈዋል። ስልኩን አዞርሁ። ዝም። ደግሜ አዞርሁ። የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ብቻ። በሦስተኛው አንድ ሰው አነሣው።

«የጭነቱ ገብቷል» አለ። ከዚያ መስመሩ ተንኮሻኩሾ ጠፋ። ባዞር ባዞር አልመለስ አለ።

እጀታውን እንደያዝሁ ቀና ስል በሩ ላይ አንድ ሰው ቆሟል። ጓድ ፍሥሐ ይባላል፤ ድሬዳዋ ለስብሰባ የሚሄዱትን ሰዎች ይዞ የሚጓዝ ካድሬ ነው። ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ስለነበር የተባለውን ሰምቷል።

«ይኸው ገብቷል አለህ። ወረቀቱን ጻፍ» አለኝ።

«እሺ ጓድ» አልሁ። አፌ ለምዶታል።

ተቀመጥሁና ወረቀቱን ሳብሁ። የባቡሩን ቁጥር ጻፍሁ። ሰዓቱን ጻፍሁ። ልፈርም ብዕሩን ሳሳርፍ እጄ ቆመ። ገብቷል? የት ነው የገባው?

አባየ ቅኔ ሲያስተምሩ የሚቸኩል ተማሪ አይወዱም ነበር። አንድ ቃል ወርውረው ተማሪው ቶሎ ልፍታው ሲል፣ «ቃሉን ሁለት ጊዜ ሳትሰማ አትፍታው» ይሉ ነበር። ያን ቀን ቃሉን ሁለተኛ ሰማሁት። ጭነቱ የላይኛው ጣቢያ ገብቶ በጎን ሐዲድ ቆሞ ከሆነ፣ ገብቷል ይባላል። ከላይኛው ጣቢያ ተነሥቶ ወደኔ የሚወርደውን መስመር ይዞ ከሆነም፣ ገብቷል ይባላል። በአንደኛው ፍቺ መንገዱ ባዶ ነው። በሁለተኛው ፍቺ ሺህ ኩንታል እህል በቁልቁለት እየመጣብን ነው።

ብዕሩን አስቀመጥሁ።

«ምን ሆንህ?» አለ ጓድ ፍሥሐ።

«ጓድ፣ የት እንደገባ አልነገረኝም።»

«እንዴት አልነገረህም? በጆሮዬ ሰምቻለሁ እኮ።»

«ጣቢያው ገብቷል ማለቱ ይሁን መስመሩ ገብቷል ማለቱ ይሁን አላወቅሁም። ስሙንም አልተናገረም። ድምፁ ደግሞ የጣቢያው ሹም ድምፅ አይደለም፤ የሹሙን ድምፅ አውቀዋለሁ።»

ትክ ብሎ አየኝ። «የደብተራ ልጅ ነህ እንዴ? ቃል ትሰነጥቃለህ።»

«የመሪጌታ ልጅ ነኝ» አልሁት።

ይህን ስል እንዳላፈርሁ ራሴን ታዘብሁ። በሥራ ቦታ የአባቴን ማዕረግ ስጠራ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

አያ እንድሪስ ወረቀቱ ዘገየባቸው መሰለኝ ከባቡሩ ወርደው መጡ። ፊታቸው በላብ ረጥቧል። እርሳቸውም በዘገዩ ቁጥር የሚጠየቁ ሰው ናቸው።

«ምነው ይበልጣል፣ ሰላም አይደለም?» አሉኝ በስሜ ጠርተው።

ነገርኋቸው። ጓድ ፍሥሐ መሀል ለመግባት ሲሞክር በእጃቸው አስታግሠው እኔኑ ጠየቁኝ።

«የማን ድምፅ ነው?»

«አላወቅሁትም።»

«ነጻ ነው የሚለውን ቃል ተናገረ?»

«አልተናገረም።»

«አንተስ ደግመህለታል?»

«ሳልደግምለት ጠፋ።»

ዞረው ወደ ባቡሩ ሄዱ። ካድሬው ነገሩ እርሱ እንዳለው ያለቀ መስሎት ወደኔ ዞሮ፣ ጊዜ ማባከን ምን ማለት እንደሆነ፣ በማን ላይ እያሤርሁ እንደሆነ ይነግረኝ ጀመር። አሻጥር የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ጠቀሰው። በዚያ ዘመን ያ ቃል ሰው አስበልቷል።

አያ እንድሪስ ተመልሰው መጡ። በዘይት በረጠበ ጨርቅ የተጠቀለለ ብረት ይዘዋል። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። የፍሬኑ እጀታ ነው፤ ያለ እርሱ ባቡሩ ከቆመበት አይላወስም።

«ይህ አንተ ዘንድ ይቀመጥ» አሉኝ። ወደ ካድሬው ዞሩና፣ «ጓድ፣ እኔ ነጂ ነኝ። መንገድ አለ የለም የሚለው እርሱ ነው። እርሱ አላውቅም ካለ እኔም አላውቅም» አሉት።

ጓድ ፍሥሐ ከባቡሩ ጋር የነበሩ ሁለት ታጣቂዎችን ጠራና በሩ ላይ አቆማቸው። «ይህ ሰው ከዚህች ክፍል አይውጣ። ድሬዳዋ ስንደርስ ጉዳዩ ይታያል» አለ።

ተቀመጥሁ። በመስኮት ሐዲዱ ይታየኛል፤ ከላይ ከተራራው ሥር ታጥፎ ቁልቁል ወደ ጣቢያዬ ይወርዳል። ፈጣኑ ባቡር ዋናው ሐዲድ ላይ፣ በሩ ሁሉ ተከፍቶ፣ ሰው ሞልቶት ቆሟል። እናቶች ከሙቀቱ የተነሣ ልጆቻቸውን በመስኮት አውጥተው ያናፍሳሉ። ያን ጊዜ ሌላ ነገር ታየኝ፤ ከመጀመሪያው የባሰ። ባቡሩን አለመልቀቄ ብቻውን አይበቃም። ጭነቱ በእውነት እየወረደ ከሆነ፣ የማቆሚያ ምልክቴን አይቶ ልቁም ቢል እንኳ ያን ሁሉ ክብደት ቁልቁለቱ አያስቆመውም። መጥቶ የሚያርፈው እነዚህ ልጆች ላይ ነው።

ተነሣሁ። የፍሬኑን እጀታ ከጠረጴዛው አንሥቼ ወደ በሩ ሄድሁ።

«ተመለስ» አለኝ አንደኛው ታጣቂ።

«ወደ ሐዲዱ ነው የምሄደው። ተከተሉኝ ከፈለጋችሁ፤ የምሸሽበት አገር የለኝም» አልሁት።

ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰዎቹ ተያዩ፣ ከዚያ ተከተሉኝ። እጀታውን ባቡሩ አጠገብ ለቆሙት ለአያ እንድሪስ ሰጠኋቸው።

«አያ እንድሪስ፣ ወደ ኋላ ይመለሱና ጎን ሐዲዱ ውስጥ ያስገቡልኝ።»

አንድ ጊዜ ወደ ተራራው አዩ። ገባቸው። «እሺ ወንድሜ» ብለው ባቡሩ ላይ ወጡ።

ጋሽ ዋቆ ሐዲዱን ለማዛወር ሲራመዱ ጓድ ፍሥሐ ደርሶ ፊታቸው ተገተረ። «ፈጣኑ ባቡር ነው ለጭነት የሚገለለው? መመሪያውን አታውቁም?»

ጋሽ ዋቆ ዕድሜ ልካቸውን በዚያ ሐዲድ ላይ የኖሩ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ነበሩ። «እኔን የሚያዘኝ የጣቢያው ሹም ነው፤ አዞኛል» አሉና በጎኑ አልፈው ሄዱ።

ባቡሩ ጡሩምባውን ነፍቶ ሲነቃነቅ ተሳፋሪው ሁሉ እልል አለ። ተነሣን ብለው ነው። ወደ ኋላ መሄዱን ሲያዩ እልልታው ወደ ማጉረምረም ተለወጠ። ከጎን ሐዲዱ መግቢያ ባሻገር ካለፈ በኋላ ጋሽ ዋቆ አዛወሩለት፤ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ገብቶ ቆመ። የመጨረሻው ፉርጎ ሙሉ በሙሉ መግባቱን አይቼ፣ «ወደ ዋናው ይመልሱት» አልኋቸው። ሐዲዱን መልሰው ቆለፉት። አሁን ዋናው መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ባዶ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ ነው። ወደ ተራራው እያየሁ ቆምሁ። ሰው ከባቡሩ እየወረደ ተሰበሰበ። አንዲት ሴትዮ የሙሽራ ልብስ የያዘ ሻንጣ አንጠልጥላ መጣችብኝ። «የእኅቴ ሠርግ ነገ ነው። ይህን ልብስ የያዝሁት እኔ ነኝ። እናንተ ሰዎች ሰዓት አታውቁም?» አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት። ሌላ ምን እላለሁ? እንደ እውነቱ ከሆነ ያን ሰዓት እኔም መጠራጠር ጀምሬ ነበር። ጭነቱ የላይኛው ጣቢያ ጥላ ሥር ቆሞ፣ ነጂው ሻይ እየጠጣ ቢሆንስ? ከሆነ እኔ አለቀልኝ። ግን ይህን ሳስብ ፍርሃቴ እየቀነሰ መሄዱ ገረመኝ። እኔ ብቻዬን አልቃለሁ፤ ሌላ ማንም አይነካም። ይህን ካሰብሁ በኋላ ልቤ አረፈ።

ጓድ ፍሥሐ ሰዓቱን እያየ፣ «ሃያ አምስት ደቂቃ» አለ።

ጋሽ ዋቆ ተንበርክከው ጆሯቸውን ሐዲዱ ላይ ጣል አደረጉ። ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው በተራ ድምፅ፣ «እየመጣ ነው» አሉ።

ሰዉን ከሐዲዱ ለማራቅ ጊዜ አልበቃንም ማለት ይቻላል። ታጣቂዎቹ ራሳቸው ሰው እየገፉ ረዱኝ። ጭነቱ ከተራራው ሥር ሲታጠፍ ከመንኮራኩሮቹ ጢስ ይወጣል፤ ነጂው ፍሬኑን ይዞ ብረት ከብረት ጋር ይፏጫል፤ ጡሩምባው አያቋርጥም። ምልክቴን አይቶታል፤ ግን መቆም አልቻለም። ፈጣኑ ባቡር ቆሞ በነበረበት በዚያው ሐዲድ ላይ፣ ከፊታችን፣ ፉርጎ ከፉርጎ እየተከታተለ አለፈ። አቧራው ሸፈነን። ከጣቢያው አልፎ ሜዳው ላይ ርቆ ሄዶ ነው የቆመው።

አንድ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል።

ጓድ ፍሥሐ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል። አጠገቡ ስደርስ ቀና ብሎ አየኝና፣ «ውሃ አለህ?» አለኝ። አመጣሁለት። ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ ጠጣ። ከዚያ በኋላ ስለ ድሬዳዋም ስለ ጉዳዩም አላነሣብኝም። ሪፖርቱ ላይ ግን ባቡሩ የቆመው በእርሱ ንቃት እንደሆነ መጻፉን በኋላ ሰማሁ። ይጻፍ፤ እኔ የምፈልገውን አግኝቻለሁ።

አያ እንድሪስ ወረቀታቸውን ሊቀበሉ መጡ። መስመሩ አሁን በእውነት ባዶ ነው፤ ስልኩም ሠርቶ የላይኛው ጣቢያ በስሙ ተናግሮ አረጋግጦልኛል። ፈርሜ ስሰጣቸው እጄን ያዙኝ። ሴትዮዋ በመስኮት እየተቆጣችኝ ነበር የሄደችው። ባቡሩ ውስጥ ከምን እንደተረፈ የገባው ሰው ጥቂት ነው።

በማግሥቱ ነገሩ ተጣራ። የላይኛው ጣቢያ ሹም ወባ ጥሎት ነበር። በቦታው የተቀመጠው አዲስ ጸሐፊ፣ ጭነቱ ቶሎ ይውረድ ብለው ሲያጣድፉት እኔን ሳይጠይቅ ለቀቀው፤ መልቀቁንም ሊነግረኝ ደወለ። በእርሱ ቤት ነግሮኛል። ክፋት የለበትም። ቃሉ ብቻ ነው ያልበቃው።

በዚያው ዓመት ፈቃድ ወሰድሁና ከአያ እንድሪስ ጋር ተያይዘን አገር ቤት ገባን። ዓባይን ተሻግረን፣ በአውቶቡስ አቧራ ተለውሰን ቢቸና ስንደርስ አባየ ከጉባኤ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው አገኘናቸው። ለአያ እንድሪስ ማርና ዳቦ አቀረቡላቸው። ነገሩን የነገሯቸው አያ እንድሪስ ናቸው፤ እኔ ከአባቴ ፊት ስለ ራሴ የማወራበት አንደበት አልነበረኝም። አባየ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ልጄ ቅኔውን ጥሎ ሄደ ብዬ አዝኜበት ነበር» አሉ።

«መሪጌታ፣ እኔ መጽሐፉን አላውቅም» አሉ አያ እንድሪስ፤ «ይህ ልጅ የሰማውን ቃል ባይመረምር ግን ዛሬ አንቱ ዘንድ ተቀምጬ ማር አልበላም።»

አባየ ወደኔ ዞሩና፣ «በል ውጣና ለእንግዳህ እጅ መታጠቢያ ውሃ አምጣ» አሉኝ። እንደ ልጅ አዘዙኝ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የታረቅነው በዚያች ትእዛዝ ነው። ሞጣ ስንሻገርም የአያ እንድሪስ እናት ግንባሬን ስመው ሦስት ቀን አላስወጡኝም።

ሥራ ላይም ነገር ተለወጠ። አያ እንድሪስ እውነቱን ለአንድ አዛውንት መሐንዲስ ነግረዋቸው ኖሮ፣ መሐንዲሱ አስጠርተውኝ አዳዲስ የጣቢያ ሹሞች እንዳሠለጥን መደቡኝ። ብዙ ዓመት አስተማርሁ። የመጀመሪያው ትምህርቴ ምን ነበር መሰላችሁ? ገብቷል የሚለውን ቃል በስልክ መከልከል። «በጎን ሐዲድ ቆሟል» በሉ፣ ወይም «ከጣቢያዬ ወጥቷል» በሉ እላቸዋለሁ። ፈጣንና ዘገምተኛ በአንድ ሐዲድ ሊሄዱ ይችላሉ፤ ችግር የለውም። በመካከላቸው ያለው ቃል ግን አንድ ፍቺ ብቻ ይኑረው። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ይህን ማስተማሩ ሳያስቀኝ አልቀረም።

አንባቢዎቼ፣ ያ ቀን ከባቡሩ ይልቅ የለወጠው እኔን ነው። ከዚያ በኋላ ያላወቅሁትን አላውቅም ማለት ቻልሁ። ቀላል ይመስላችኋል፤ በዚያ ዘመን ግን ዋጋ ነበረው። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ የታሰረ የሥራ ባልደረባዬን በሌለበት ነገር የሚከስስ ወረቀት ቀርቦ፣ አይቻለሁ ብለህ ፈርም ተባልሁ። «አላየሁም» አልሁ። አሥራ አንድ ቀን አሰሩኝ። በየጠዋቱ እያወጡ ጠየቁኝ፤ በየጠዋቱ አላየሁም አልሁ። የሚፈርም ሌላ ሰው ስላላገኙ ነገሩ ተድበስብሶ ቀረና ሰውየውም እኔም ተፈታን።

ሰውየው ዛሬ ጎረቤቴ ነው። ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አንሥተን አናውቅም። ጠዋት በሩን ከፍቶ የልጅ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት ሲሸኝ፣ በአጥሩ ላይ እንዴት አደርህ ይለኛል። እግዚአብሔር ይመስገን እለዋለሁ።